ሟቹ ዛሬ ጠዋት ያስቀመጠው ፋይል

«አባቴ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ፋይል አስቀምጧል» አለች ሴትዮዋ። «ከቀበርነው ግን አሥራ አንድ ቀናችን ነው።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደመች። በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኗ ሟች በሕልም መጥቶ ሲያስፈራራ፣ ሟች ሲያስታርቅ፣ ሟች ደብቆ የሄደውን ሲጠቁም ሰምታለች። እንደ ቢሮ ሠራተኛ በሰዓትና በደቂቃ ሥራ የሚገባ ሟች ግን ገጥሟት አያውቅም።

«እስቲ ተቀመጪ፣ የኔ እህት።»

ሴትዮዋ ተቀመጠች። ሠላሳ ግድም ይሆናታል። ዓይኖቿ እንቅልፍ ካዩ ሰንብተዋል፤ ጥቁር ልብሷ ላይዋ ላይ የሰው ልብስ መስሏል። የሟቹ ታናሽ ልጅ ናት። ሩቅ አገር ተምራ፣ አሮጌ ፎቶግራፎችን በኮምፒውተር ማደስ ሙያዋ አድርጋ፣ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ገና አራት ወሯ ነው።

መርማሪዋ ከመሳቢያዋ መዝገቡን አወጣች። ሌላ ባልደረባዋ የያዘው ጉዳይ ነበር። ሟች የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ የሕንፃ መሐንዲስ። ከቤቱ ላይኛ ክፍል፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ደሙ ውስጥ ከልክ ያለፈ የልብ መድኃኒት፣ አጠገቡ ባዶ የክኒን ጠርሙስ፣ ከዚያም በወረቀት የታተመ አጭር የስንብት ደብዳቤ። «ራሱን አጥፍቷል» ተብሎ ሊዘጋ አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

ደብዳቤውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «ታናሿ ልጄ ከሁለታችሁ እናቴ ብትቀር ይሻል ነበር ብላኛለች። ልክ ናት። እኔም ወደ እናቷ እሄዳለሁ።» ከዚያ ቀና አለች። «ብለሽው ነበር?»

«ብዬዋለሁ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብል አንደበቴ እምቢ አለኝ። እኅቴ ከዚያን ቀን ወዲህ አታናግረኝም። አክስቴ ደግሞ "ምላስሽ ገደለው" ትለኛለች።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልሽ?»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ገድዬው እንደሆነ ንገሪኝ። አዎ ከሆነም አዎ በሉኝ። ብቻ ይሄ "ምናልባት" የሚሉት ነገር ገደለኝ።»

አክብሮቱና ድፍረቱ ተደበላልቆባታል፤ አንዴ «ንገሪኝ» አንዴ «በሉኝ» ትላለች። መርማሪዋ አልታዘበቻትም። ባልደረቦቿ «ጥርጥር» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል። እሷም «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ስቃ ተቀብላዋለች። መዝገቡን ከብብቷ ሥር አድርጋ ተነሣች።

«ነይ፤ ሟቹን ሥራ ቦታው ላይ እንየው።»

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ደረጃው ሥር ጠባብ ቁም ሣጥን አለ። ታናሿ በሩን ስትከፍተው አቧራ የለበሰ ጥቁር ሳጥን ታየ፤ ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ ግንባሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከውስጡም ሰው በአፍንጫው እንደሚያዜም ያለ ድምፅ ይወጣል።

«ጎተራው ይባላል» አለች ታናሿ። «ስሙን ያወጣው አባዬ ነው። የሁላችንም ኮምፒውተሮች ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው፤ ሌላ ነገር በቤቱ አያስገባም ነበር። ሁላችንም ፋይላችንን እዚህ እናስቀምጣለን፤ ከየክፍላችን ሆነን በኔትወርክ እንከፍተዋለን። ድሮ የእናቴ ኮምፒውተር ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ስትሞት አባዬ ጎተራ አደረገው።»

ላፕቶፕዋን ደረጃው ላይ ዘርግታ የጎተራውን ዝርዝር አወጣች። ከእያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር ጎን የባለቤቱ ስምና የተነካበት ሰዓት ይታያል። «እማዬ» የሚል ፎልደር፣ «አባዬ» የሚል ፎልደር፣ ሌላም «ሥራ» የሚል ፎልደር። የ«ሥራ» ባለቤት አባዬ ነው፤ ሰዓቱም የዛሬ ጠዋት ሁለት ከሩብ።

«የተቆለፈ ነው። ልከፍተው ስል ፈቃድ የለሽም ይለኛል። አባዬ ከሞተ ወዲህ ይሄ አራተኛ ጊዜው ነው።» ሌላ ፋይል ጠቆመች። «ደግሞ ይሄን ይዩልኝ። ትናንት እኔው ራሴ ያስቀመጥኩት ፎቶ ነው። ባለቤቱ ማን ይላል?»

መርማሪዋ መነጽሯን አጠለቀች። ባለቤቱ «እማዬ» ይላል።

«ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው። እኔ ስጽፍ እናቴ ጻፈች ይላል። ለአባዬ ስነግረው "አየዋለሁ" አለኝ። ሳያየው ተጣላን።»

መርማሪዋ ከላፕቶፑ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ ላፕቶፑ አየች። «በዚህ ቤት ሁለት ሙታን ይጽፋሉ ማለት ነው። አንደኛዋ የምትጽፈው አንቺ ስትጽፊ ነው። ሁለተኛውስ?»



ወጥ ቤት ውስጥ የሟቹ እኅት ድንች ይልጣሉ። ቤተሰቡ እቴቴ ይላቸዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ግን ከቢላዋው ይፈጥናል።

«ፖሊስ ነሽ ወይስ ጠንቋይ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ፖሊስ ከሆንሽ ዘግይተሻል። ጠንቋይ ከሆንሽ ያንን ሳጥን ዝም አሰኚልኝ። ወንድሜ እንደዚያ ነበር የሚያዜመው።»

«ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ነኝ፣ እቴቴ። ያን ዕለት ቤት የነበሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«እኔና እሱ። ሴቶቹ ሥራ ናቸው። ጠዋት ሙሉ ኮምፒውተሩን ሲሳደብ ነበር። ከምሳ በኋላ ያንን ቴሌቪዥን የመሰለውን ሆዱ ላይ አቅፎ ከላይ ወርዶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተወተፈ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መልሶ አቅፎት ወጣ። ላቡን አየሁና "ምነው ወንድሜ፣ አርባ ዓመትህ መሰለህ?" አልኩት። ፊቱ ጥሩ አልነበረም።»

«ስክሪኑን መልሶ ሲወጣ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስምንት ተኩል። ሬዲዮዬ ዜና እያለ ነበር። ዘጠኝ ላይ አማቹ ከሥራ መጣ፤ ደውሎ ጠርቶት ነው። ሻይ አፈላሁ። "እቴቴ ጉልበትሽን ላሳርፍልሽ" ብሎ አማቹ ወሰደለት። ደግ ልጅ ነው። እኔ ጎረቤት ሄድኩ። በአሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ እሱ ነው ጮሆ የተቀበለኝ።» ቢላዋው ቆመ። «ብርጭቆውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ታችው ላይ ስኳር ተጋግሮ ነበር። ወንድሜ ስኳር ካቆመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰው ሊሞት ሲል አመሉ ይለወጣል ይባላል፤ እሱ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«የክኒኑስ ጠርሙስ?»

«እዚህ መደርደሪያ ላይ ነበር። ስለሚረሳ የምሰጠው እኔ ነኝ። ማን ወደ ላይ እንዳወጣው ብታውቂ ለኔም ንገሪኝ።»

ታላቋ ልጅ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። መርማሪዋ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ጠየቀቻት። ታላቋ ቁመቷ ረጅም፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ እየመለሰች ካርቶኖቹን ትደረድራለች።

«ያን ቀን ከዚህ አልወጣሁም። ሦስት ሰው አብሮኝ ነበር፤ ይጠይቁ። የአባዬን ክኒን የማመጣለት እኔ ስለሆንኩ የሚወራውን አውቀዋለሁ።»

«እኔ አላወራሁም። ጓሮ ክፍል ያለው ኮምፒውተር የማን ነው?»

ታላቋ ጥያቄው እንግዳ ሆነባት። «የኔ ነበር። ስንጋባ ለባለቤቴም መግቢያ ከፈትንለት። አሁን እሱ ነው የሚጠቀምበት፤ እኔ ለወሬ ያህል ነው። ለምን?»

«እንዲያው ነው። እኅትሽን ለምን አታናግሪያትም?»

«ምን ልበላት?» አለች ታላቋ። ካርቶኑን አስቀምጣ መልሳ አነሣችው። «ባለቤቴ ቤቱን እንልቀቅ ይለኛል። ሳጥኑንም እንጣለው ይላል። እኔ ግን የአባዬ ስም እየመጣ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ እንዴት ብዬ ልጣለው?»

አማቹ ከሥራ ሲመለስ መርማሪዋን ጓሮ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ አገኛት። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፈገግታው የተዘጋጀ ሰው ነው። የኮንክሪት መሞከሪያ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነው። ጠረጴዛው ላይ የጡብ ያህል የኮንክሪት ቁራጭ ወረቀት እንዳይበር ተጭኗል።

«ደብዳቤውን ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ልጠራቸው ስወጣ ተቀምጠው ነበር፤ ስክሪናቸው ላይ ደብዳቤው ተከፍቶ። ነካሁዋቸው፤ ቀዝቅዘዋል። ድንጋጤ ነው መሰለኝ፣ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። በኋላ ከዚህ ሆኜ ጎተራው ውስጥ ካለው ፎልደራቸው አውጥቼ አትሜ ለፖሊስ ሰጠሁ። ፋይሉ በስማቸው ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ይላል።»

«ደውለው ጠርተውዎት ነበር አሉ።»

«ኔትወርኩ አስቸግሯቸው። ምንም አልረዳኋቸውም፤ እኔ የሲሚንቶ ሰው ነኝ።»

«"ሥራ" የሚለው የተቆለፈ ፎልደርስ?»

«የሳቸው ነው። ምስጢራቸውን ይዘው ይረፉ እንጂ! ማሽን ይሳሳታል፤ የሴቶቹን ፍርሃት አይስሙ።»

ስልኩ ጮኸ። አይቶ ዘጋው። ወዲያው ደግሞ ጮኸ።

«ያንሡት» አለች መርማሪዋ።

«አጣሪ ኮሚቴው ነው። ያ የተደረመሰው ሕንፃ የለም? አምስት ሠራተኛ የሞተበት። ኮንክሪቱን የፈተነው የኛ ላቦራቶሪ ስለሆነ በየቀኑ ወረቀት ይጠይቁናል። ወረቀታችን ንጹሕ ነው።» ፈገግታው አልተንቀሳቀሰም።

ላይኛው ክፍል ከሞቱ ቀን ጀምሮ በፖሊስ ታሽጎ ነበር። መርማሪዋ እሽጉን ቀድዳ ታናሿን ይዛ ገባች። ክፍሉ የተዘጋ አየር ይሸታል። ወንበሩ እንደተገፋ ነው። በመጋረጃው ስንጥቅ ገብታ ብርሃን ወንበሩ ላይ ብቻ ወድቃለች፤ ታናሿ ወንበሩን ዞራ ስታልፍ ሰው ላለመግፋት እንደምትጠነቀቅ ሆና ነው።

መርማሪዋ ማውሱን አየች። ከኪቦርዱ በስተግራ ነው።

«ግራኝ ነበር?»

«በደንብ እንጂ። የማውሱን ቁልፎች እንኳ ገልብጦ ነው የሚጠቀመው። እኛ ስንነካው ሁሉ ነገር እየተገለበጠብን ያስቀን ነበር።» ኮምፒውተሩን አበራች፤ የሚስጥር ቃሉን ታውቀዋለች፤ የእናቷ የልደት ቀን ነው። ስክሪኑ ሲበራ ግን እጇ አየር ላይ ቀረ። «የእናቴ ፎቶ የለም። እዚህ ሁልጊዜ የእናቴ ፎቶ ነበር።» ማውሱን ጠቅ አደረገችው። «ቁልፎቹም አልተገለበጡም። ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ነው።»

«መቼ እንደታደሰ ይናገራል?»

ታናሿ ትንሽ ጻፈች። «ሊኑክሱን እንደ አዲስ ጭኖታል። በሞተበት ቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ።»

«አሁን ጎተራው ውስጥ የራሱን ፎልደር ክፈችልኝ።»

ተጫነች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች፤ ፈቃድ የለዎትም።

«የአባዬ ኮምፒውተር ነው፤ በአባዬ ስም ነው የገባሁት፤ የአባዬን ፎልደር አይከፍትም?» ታናሿ ደግማ ተጫነች። «ምን ማለት ነው?»

መርማሪዋ የሟቹ ወንበር ላይ ሳታስበው ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳጥኑ ሰውን የሚያውቀው በስም ነው? ከስሙ ጀርባ ሌላ ነገር የለም?»

 ታናሿ የጎተራው ዝርዝር ስም ሳይሆን ቁጥር እንዲያሳይ አዘዘችው። «እማዬ» የሚለው ቦታ ሁሉ አንድ ሺህ ሆነ። «አባዬ» የሚለው ሁሉ አንድ ሺህ አንድ ሆነ። አንድ መስመር ጨምራ ጻፈችና ይህ አዲስ የተጫነው ኮምፒውተር ለአባቷ የሰጠውን ቁጥር ጠየቀች። አንድ ሺህ አለ።

 ከደረጃው ሥር የጎተራው ዜማ ይሰማል።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለች መርማሪዋ። «ነገ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰብስቢልኝ።»

በማግስቱ ሳሎኑ ውስጥ አራቱ ተራርቀው ተቀመጡ። እቴቴ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ታላቋ ከባሏ ጎን፣ ታናሿ በሩ አጠገብ። ሁለት ፖሊሶች ጎተራውን ከቁም ሣጥኑ አውጥተው ስክሪን ገጥመውለታል።

«ትንሽ ጨዋታ እንጫወት» አለች መርማሪዋ። «እያንዳንዳችሁ ከለመዳችሁት ኮምፒውተር "ውሃ" የሚል ቃል ጽፋችሁ ጎተራው ውስጥ አስቀምጡ። ባልደረባዬ አብሯችሁ ይሄዳል።»

«እኔንም?» አሉ እቴቴ። «እኔ እንኳን ኮምፒውተር ስልክም በጣት ስነካው ይቆጣኛል!»

«እርስዎ ምስክር ነዎት።»

ታናሿ ላፕቶፕዋ ላይ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ ፋይሏ ብቅ አለ፤ ባለቤቱ እማዬ። ታላቋ ጓሮ ሄዳ ጻፈች። የሷም እማዬ። እቴቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አማቹ ጥቂት ዘግየት ብሎ ሄደ፤ ሲመለስ ስክሪኑን ቀድመው ያዩት ሁሉ እሱን እያዩ ነበር።

ባለቤቱ አባዬ ይላል።

«ኸረ የሰው ያለህ!» አሉ እቴቴ።

«አይፍሩ፣ እቴቴ፤ ሙታን የሉበትም» አለች መርማሪዋ። «ሥራ ስጀምር ማረሚያ ቤት መዝገብ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ከሁለት የተለያየ ማረሚያ ቤት የመጡ ሁለት እስረኞች ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ተገኘ። የአንዱ ደብዳቤ ለሌላው እየደረሰ፣ የአንዱ ሚስት ሌላውን እየቀለበች ሦስት ወር ቆየን። መዝገቡ አልተሳሳተም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነበር። እነዚህ ኮምፒውተሮችም እንደዚያ ናቸው። እያንዳንዱ ለብቻው መጀመሪያ የተመዘገበውን ሰው አንድ ሺህ፣ ሁለተኛውን አንድ ሺህ አንድ ይላል። ለጎተራው የሚነግሩት ቁጥሩን እንጂ ስሙን አይደለም። ጎተራው ድሮ የእናታችሁ ስለነበር አንድ ሺህ እሷ ናት፤ አንድ ሺህ አንድ አባታችሁ። ታናሿ ላፕቶፕዋ ላይ የመጀመሪያዋ ናት፤ ታላቋም ጓሮ ክፍል የመጀመሪያዋ ናት። በዚያው ኮምፒውተር ሁለተኛ የተመዘገበው ደግሞ…»

«እኔ ነኝ» አለ አማቹ እየሳቀ። «ይሄ ታዲያ የማሽን ብልሽት እንጂ ወንጀል ነው? ደብዳቤው በሳቸው ቁጥር ነው፤ እሳቸውም ቁጥራቸው ያው ነው። ራሳቸው ጻፉት።»

«ልክ ነዎት። ያን ዕለት ግን ቁጥራቸው ያው አልነበረም።» ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች። «ጠዋት ኮምፒውተራቸውን እንደ አዲስ ጭነውታል። አዲሱ ኮምፒውተር አንድ ሺህ የሚል ቁጥር ሰጣቸው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከላይኛው ክፍል ሆነው የሚጽፉት ሁሉ በሚስታቸው ስም ነው የሚመዘገበው። የገዛ ፎልደራቸውም "ማን ነህ?" ብሎ ከበር መለሳቸው። ትናንት ሞክረነዋል፤ ዛሬም አይከፍትም። እርስዎ ግን ዘጠኝ ከአርባ ላይ የተጻፈውን ደብዳቤ ስክሪናቸው ላይ ተከፍቶ አየሁ ብለውኛል። ያ ስክሪን ሊከፍተው አይችልም ነበር።»

ፈገግታው ቆየ፤ ከጀርባው ግን የያዘው ነገር የለቀቀው ይመስላል።

«ምናልባት ከጎተራው ላይ ጽፈውት…»

«ጎተራው ስክሪን የለውም። ስክሪኑን ስምንት ተኩል ላይ አቅፈው ወደ ላይ መልሰውታል። እቴቴ አይተዋል።»

«አይቻለሁ» አሉ እቴቴ። «ላቡ…» ቃሉን ሳይጨርሱ ተዉት።

«ያን ሰዓት በአንድ ሺህ አንድ ቁጥር ሊጽፍ የሚችል አንድ ኮምፒውተርና አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ፋይልዎ በሟቹ ስም እንደሚወጣ ከድሮም ያውቁ ነበር፤ ለዚያ ነው የተመቸዎት። ያልታሰበዎት ሌላው ጎኑ ነው። ቁጥሩ ስም ከሰጠዎት፣ ቁልፍዎንም ለሳቸው ይሰጣል። "ሥራ" የሚለውን ፎልደር ለራስዎ ብቻ ቆልፈውታል። ለጎተራው ግን እርስዎና እሳቸው አንድ ሰው ነበራችሁ።» ወደ ታናሿ ዞረች። «እናትሽ ፎልደር ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም! ከሞተች ወዲህ ማንም…»

«አባትሽ ያን ዕለት መጻፍ የሚፈቀድለት እዚያ ብቻ ነበር። ክፈቺው።»

ታናሿ ላፕቶፕዋን ጭኗ ላይ አደረገች። ለሷም ቁጥሯ አንድ ሺህ ስለሆነ ፎልደሩ እሺ ብሎ ተከፈተ። የድሮ ደብዳቤዎች፣ የድሮ ፎቶዎች፣ ሁሉም ከአምስት ዓመት በላይ የቆዩ። አንድ ብቻ አዲስ ነበር። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ፣ አባቷ የሞተበት ቀን። ከፈተችው፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ አነበበችው።

«"ጠዋት አዲስ ጫንኩ። የራሴ ፎልደር አልከፍት አለኝ። ስክሪን ይዤ ወደ ጎተራው ወረድኩ። ቁጥር ተምታቷል፤ እኔ አሁን በሚስቴ ቁጥር ነኝ። በኔ ቁጥር የተቀመጠውን ሁሉ ስዘረዝር ያልጻፍኩትን አገኘሁ። 'ሥራ' የሚል ፎልደር ተቆልፎ ሳለ ለኔ ተከፈተ። የአማቼ ነው። የተደረመሰው ሕንፃ የኮንክሪት ፈተና ሁለት ቅጂ አለ። አንደኛው ጥንካሬውን አሥራ አራት ይላል፤ ሁለተኛው ሃያ አምስት። ለኮሚቴው የቀረበው ሁለተኛው ነው። በአሥራ አራት ማንም አራት ፎቅ አይጭንም። አምስት ሰው ሞቷል። ደውዬ ጠርቼዋለሁ፤ ራሱ ሄዶ እንዲናገር ነው የምነግረው። እምቢ ካለ እኔ እሄዳለሁ…"»

አቆመች። ታላቋ ከባሏ ጎን ተነሥታ ነበር፤ መቼ እንደተነሣች ማንም አላየም።

«ሻዩን የወሰድክለት አንተ ነህ» አለችው። ድምፅዋ አልጨመረም። «የክኒኑን ምሬት ልትሸፍን ስኳር ጨመርክበት፤ አባዬ ስኳር አይወስድም። አንተ ይሄን እንኳ አታውቅም።»

አማቹ ሸሚዙን አስተካከለ። «ለመንኩዋቸው» አለ። «እግራቸው ላይ ወደቅኩ። "አምስቱ ደግሞ ማን እግር ላይ ይውደቁ?" አሉኝ። ከዚያ ሻይ ጠየቁ።» ታናሿን አየት አደረጋት። «ለደብዳቤው ያንቺ ቃል ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ አልፈጠርኩትም።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። እቴቴ ተነሥተው መጀመሪያ የሳሎኑን በር፣ ቀጥሎ የጓሮውን በር ዘጉ። ተመልሰው መጡና ታናሿ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «ምላሴን ይቁረጠው» አሉ ቀስ ብለው፣ እጃቸውንም ጉልበቷ ላይ አደረጉ።

ታናሿ ግን መርማሪዋን ነበር የምታየው። «አልገደልኩትም። እሺ። ግን ቃሌ ጆሮው ውስጥ እያለ ነው የሞተው። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም» አለች መርማሪዋ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚባል ለስላሳ ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ብትለው ግን ይህች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ትጠራጠረዋለች። «እኔ የማውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው። ጨርሰሽ አንብቢው እስቲ።»

ታናሿ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። የቀሩት ሁለት መስመሮች ናቸው።

«"ታናሿ ከሥራ ስትመለስ ቁጥሩን እንድታስተካክልልኝ እጠይቃታለሁ። አኩርፋለች፤ እንዲህ ያለውን ነገር ግን እምቢ አትልም።"»

መርማሪዋ መዝገቧን ዘጋች። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ሊሞት የተነሣ ሰው ቃል ግን አይደለም፤ ከልጁ ጋር የነገ ሥራ ያለው ሰው ቃል ነው። ይህንን አልተናገረችም። ሳጥኑን አስይዛ ወጣች።

ጎተራው ለማስረጃነት ሁለት ወር ተይዞ ቆየ። የተመለሰ ዕለት መርማሪዋ ራሷ አምጥታ አስፈረመች። ቤቱ ውስጥ እቴቴ ሬዲዮአቸውን ከፍ አድርገው ከፍተዋል፣ ታላቋ ከጓሮ ክፍሉ ወጥታ ከታናሿ ጋር አንድ ክፍል ገብታለች። ያለ አስፈላጊ ነገር አይነጋገሩም፤ አስፈላጊ ነገር ግን በዝቷል።

ታላቋ የሳጥኑን ሽቦ ሰክታ አረንጓዴዋ መብራት እስክትበራ ጠበቀች። «የአባዬን ስም ከዚያ ሰውዬ ቁጥር አላቂልኝ» አለች።

ታናሿ ላይኛው ክፍል ወጣች። ወንበሩን ዞራ አላለፈችም፤ ስባ ተቀመጠችበት። ማውሱ አሁንም በግራ ነው፤ እንዳለ ተወችው። መርማሪዋ ጉልበቷ እያመማት ከኋላዋ ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሥራዋ አልቋል፣ ለምን እንደቆመች ለራሷም አልገባትም።

ስክሪኑ በርቶ የተጠቃሚውን አዲስ ቁጥር ጠየቀ።

«እሺ፣ አባዬ» አለች ታናሿ፣ ቁጥሩንም መጻፍ ጀመረች።